የድቮርዣክ "ላርጎ" ለምን ሆድ ያባባል? እንዴት እንደምትሰሙት ልንገራችሁ

"ክላሲካል ሙዚቃ አይገባኝም" የሚሉ ሰዎችን ሳይቀር አንጀታቸውን የሚበላ አንድ ሙዚቃ አለ። የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ አንቶኒን ድቮርዣክ በ1893 ኒውዮርክ ተቀምጦ የጻፈው 9ኛው ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል ነው። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሲምፎኒው "ከአዲሱ ዓለም" ይባላል፣ ይሄኛው ክፍል ደግሞ "ላርጎ"። ስሙን ባታውቁት እንኳ ዜማውን የሆነ ቦታ ሳትሰሙት አትቀሩም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሙዚቃው የሚያመጣው ስሜት ኃይለኛ ስለሆነ ሰው ለስሜቱ ምክንያት ፍለጋ ይሮጣል። አንዱ "ስለ ባርነት ነው" ይላል። ሌላው "ስለ ስደት ነው"። ሌላው "የቀብር ሙዚቃ ነው" ብሎ ይዘጋዋል። ሁሉም ከእውነቱ ቁራሽ ቁራሽ ይዘዋል። ግን ይህን አስቀድሞ የተነገረው ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሙዚቃውን ሳይሆን ወሬውን ነው። ስለዚህ እኔ የምመክረው ተራውን መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ ድምፁን፣ ቀጥሎ የራሳችሁን ስሜት፣ ታሪኩን በኋላ። እስካሁን ሰምታችሁት የማታውቁ ከሆነ "ከመጀመራችሁ በፊት" የሚለውን ብቻ አንብቡና ሄዳችሁ ሰምታችሁት ተመለሱ። 12 ደቂቃ ገደማ ነው። ጽሑፉ የትም አይሄድም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዩቲዩብ ላይ የድቮርዣክን 9ኛ ሲምፎኒ ስትፈልጉ መዓት ቅጂ ይመጣላችኋል፣ ጀማሪ ግራ የሚገባውም እዚሁ ላይ ነው። አትጨነቁ። የኦርኬስትራ መሪው ኢስትቫን ኬርቴስ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር በ1961 የቀዳው፣ ወይም ራፋኤል ኩቤሊክ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የሠራው ለመጀመሪያ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። ሙሉው ሲምፎኒ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ለዛሬ ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ክፈቱ።

በስልክ ስፒከር ግን አይሆንም። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። የዚህ ሙዚቃ ትልቁ ክፍል በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚጫወተው፤ በተለይ መጨረሻው ላይ ያሉት ወፋፍራም ድምፆች በስልክ ስፒከር ጭራሽ ስለማይሰሙ ሙዚቃው ሳያልቅ ያለቀ ይመስላችኋል። ርካሽም ቢሆን ኢርፎን አድርጉ። መሃል ላይ ማስታወቂያ የማይገባበት መንገድ ካላችሁም እሱን ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ስለ ሳሙና የሚጮህ ሰው ከመጣ በኋላ ወደነበሩበት መመለስ የለም።

ቪዲዮ ከሆነ ስክሪኑን ገልብጡት። ካሜራው የትኛውን ተጫዋች ማየት እንዳለባችሁ እየመረጠ ይሰጣችኋል። ለመጀመሪያው ጊዜ ጆሯችሁ ራሱ ፈልጎ ቢያገኝ ይሻላል። እና እባካችሁ፣ ዕቃ እያጠባችሁ አይሁን። (ከለመዳችሁት በኋላ ዕቃ እያጠቡም መስማት ይቻላል፣ እኔም አደርገዋለሁ።)

ምን ምን ትሰማላችሁ

መክፈቻው ላይ ገና ዜማ የለም። ሆርን፣ ትሮምቦንና ቱባ ከክላሪኔትና ከባሱን ጋር ሆነው ቀስ ብለው ጥቂት ኮርዶች (አንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች) ይጫወታሉ። ከኢ ሜጀር ተነስተው ዲ ፍላት ሜጀር ላይ ያርፋሉ፣ ይሄ ደግሞ በሙዚቃ ሩቅ መንገድ ነው። የሙዚቃ ትምህርት ባይኖራችሁም መሻገሩን ትሰሙታላችሁ፤ "ሌላ ቦታ ደረስን" የሚል ነገር አለው። በነገራችን ላይ ቱባ ተጫዋቹ በዚህ ሁሉ ሲምፎኒ ውስጥ ሥራ ያለው በዚህ ክፍል ብቻ ነው፣ እሱም ጥቂት ኖታ። የቀረውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። መቼስ ዕድለኛ ነው።

ከዚያ ቫዮሊኖቹና ሌሎቹ ባለ ክሮች ድምፅ ማፈኛ አድርገው ከሥር ይገባሉ፣ ያ ዜማም ይመጣል። የሚጫወተው መሣሪያ ኮር አንግሌ ይባላል። ከኦቦ ረዘም ያለ፣ ድምፁም ወፈርና ከደን ያለ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ሳግ ይዞት የሚያንጎራጉር ሰው ይመስላል። የስሜቱ ግማሽ ያለው እንግዲህ እዚህ ምርጫ ላይ ነው። ካላመናችሁኝ ዜማውን ራሳችሁ አንጎራጉሩት፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ ሁለት እጥፍ አፍጥናችሁ። ሲፈጥን የመዋዕለ ሕፃናት መዝሙር ይሆንና ያርፋል። ኖታዎቹ ያው ናቸው፣ ሐዘኑ ግን የለም። ማለትም ሐዘኑን የተሸከመው ዜማው ብቻውን አይደለም፤ ፍጥነቱ፣ የመሣሪያው ድምፅና ከሥር ያለው የታፈነ ክር ተባብረው ነው።

ዜማው ሲያበቃ ሙዚቃው ወደ ማይነር፣ ማለትም ጠቆር ወዳለ ቅኝት ይገባል። ፍሉትና ኦቦ ሌላ ነገር ይጀምራሉ፣ ከሥር ደብል ቤዞቹ በጣት እየተመቱ እርምጃ በእርምጃ ይሄዳሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሐሳቡ ይበተናል፣ ያንን ዜማ እየጠበቀ ነዋ። አትጠብቁ። ይህ መሃል ባይኖር የዜማው መመለስ ምንም አያደርጋችሁም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቀለል ያለ ፈንጠዝያ ይጀመራል፣ ሌሎቹ መሣሪያዎችም እየተከተሉ ይገባሉ፣ ከዚያ ሳታስቡት ብራሶቹ (እንደ ትሮምቦን ያሉት የናስ መሣሪያዎች) ተነስተው የሲምፎኒውን የመጀመሪያ ክፍል ዋና ዜማ ከላርጎው ዜማ ጋር አንድ ላይ ያስጮኹታል። ጥቂት ሰከንድ ነው። ወዲያው ይበርዳል፣ ኮር አንግሌውም ይመለሳል።

አሁን ከሁሉ በላይ ጆሮ የሚፈልገው ቦታ ደረስን። ዜማው ከኮር አንግሌ ወደ ጥቂት ባለ ክሮች ይሻገራል። ሙሉ ኦርኬስትራ ተሰብስቦ፣ የሚጫወቱት እፍኝ የማይሞሉ ሰዎች ናቸው። ዜማውም ይቋረጣል። ዝም። ይቀጥላል። እንደገና ይቋረጣል። ዝም። የቅጂ ችግር እንዳይመስላችሁ፣ ድቮርዣክ ራሱ ኖታው ላይ የጻፈው ዝምታ ነው። እንደኔ እንደኔ ሰው እንባ የሚተናነቀው ዜማው ሲጀመር አይደለም፣ እዚህ ጋ ነው። ምክንያቱም እስካሁን ዜማውን አውቃችሁታል፤ የተቋረጠውን ኖታ በሆዳችሁ የምትሞሉት እናንተው ናችሁ። ሙዚቃው ሥራውን ለእናንተ ትቶ ዘወር ሲል የሚሰማችሁ ነገር ከደራሲው ይልቅ የራሳችሁ መሆን ይጀምራል።

መጨረሻ ላይ የመክፈቻው ኮርዶች ይመለሳሉ። የመጨረሻዋን ኮርድ ደብል ቤዞቹ ብቻቸውን፣ በጣም ቀስ ብለው ይይዟታል። ኢርፎን ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ ሞክሩት

ይህችን ነገር የምወዳት ስለምትጨበጥ ነው። ስልካችሁ ላይ ነፃ የፒያኖ አፕ አውርዱ። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሦስት ሦስትና ሁለት ሁለት ሆነው ይደረደራሉ። ከሦስቱ ጥቁሮች የመጨረሻውን፣ በስተቀኝ ያለውን ንኩ። ቀጥሎ ከሱ በስተቀኝ ካሉት ሁለቱ ጥቁሮች የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ ንኩ። ከዚያ ወደ ሦስቱ ተመልሳችሁ ከቀኝ ወደ ግራ አንድ በአንድ ውረዱ። አሁን መሃለኛውን፣ የቀኙን፣ ከሁለቱ የመጀመሪያውን፣ እንደገና የቀኙን፣ እንደገና መሃለኛውን። ይኸው፣ የላርጎን ዜማ ጀመራችሁ።

አንድም ነጭ ቁልፍ አልነካችሁም። ጥቁሮቹ አምስት ኖታዎች በዚህ አደራደር እኛ ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት ናቸው። በቤታችሁ ክራር ያለው ሰው ካለ በትዝታ ቃኝቶ ይቺን ሐረግ ይምታት፤ ገጥማ ትቀመጣለች።

ይህ ማለት ግን ድቮርዣክ ከእኛ ወሰደ ማለት አይደለም፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ በፌስቡክ ከመዛመቱ በፊት ልበለው። ይኸው ባለ አምስት ኖታ ቅኝት በስኮትላንድም፣ በቻይናም፣ በጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙሮችም አለ። የሚገርመኝ ሌላው ወገን ነው። ትዝታ እየሰማ ያደገ ጆሮ ይህ ቅኝት ቀስ ብሎ ሲመጣ ናፍቆት እየመጣ እንደሆነ ከልምዱ ያውቃል። ፕራግ ያደገ ሰው በዚህ ዜማ የሚሰማው ነገር ይኖረዋል፣ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያደገ ሰው ግን ከሱ ጋር የራሱን ቤት ትዝታ ጭኖ ነው የሚመጣው።

ቀጥሎ ዜማው ከፍ ብሎ ሲነሳ ልብ በሉ። ከሁለቱ ጥቁሮች ሁለተኛውን፣ ከሱ ቀጥሎ ካሉት ሦስቱ የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ግን ከዚሁ ጥቁር በስተግራ ተጎራብታ ያለችውን ነጭ ቁልፍ። እዚህ ላይ ከትዝታ ወጣን። ያቺ ነጭ ኖታ ስትመጣ ዜማው ለአንድ አፍታ የሰው አገር ዜማ ይሆናል። እሷን ካወቃችሁ በኋላ ሙዚቃውን እንደገና ስሙና ስትመጣ ምን እንደሚሰማችሁ እዩ።

ያመጣባችሁን ጻፉት

ሰምታችሁ እንደጨረሳችሁ፣ ሌላ ነገር ሳትከፍቱ፣ ስልካችሁ ላይ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። "አሳዘነኝ" አይበቃም። ማን ትዝ አላችሁ? የት ቦታ? ስንተኛው ደቂቃ ላይ? ለአንዳችን ቦሌ ኤርፖርት ሊሆን ይችላል፣ ለሌላው የአያት ግቢ። ምንም ካልመጣባችሁ "ምንም" ብላችሁ ጻፉ፣ ነውር የለውም፣ ሌላ ቀን ይመጣ ይሆናል።

ይህን የምለው ሰው ከዚህ ዜማ ጋር የሚያያይዘው ነገር ዜማውን በተገናኘበት ቦታ ላይ በጣም ስለሚወሰን ነው። እንግሊዞችን እዩ። በ1973 ሆቪስ የሚባል የዳቦ ድርጅት ማስታወቂያ አሠራ። ያኔ ገና ስሙ ያልገነነው ሪድሊ ስኮት ነው ያዘጋጀው። አንድ ልጅ ብስክሌቱን በዳቦ ጭኖ ዶርሴት ውስጥ ሻፍትስበሪ በምትባል ከተማ ጎልድ ሂል የሚባለውን የድንጋይ ዳገት እየገፋ ይወጣል፣ ከጀርባው ላርጎ በብራስ ባንድ ይሰማል። ከዚያ ወዲህ የዚያ ዘመን እንግሊዛዊ ላርጎን ሲሰማ የሚታየው ዳቦ ነው። ቀልድ አይደለም፣ ዳቦውን እያሰቡ ዓይናቸው እንባ የሚያቀር ሰዎች አሉ።

ጃፓን ስትሄዱ ደግሞ ዜማው የጃፓንኛ ግጥም ተሰጥቶት ልጆች የሚዘምሩት ሆኗል፣ በብዙ ከተሞችም ወደ ማታ ላይ በአደባባይ ድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ልጆች ሆይ፣ ጨዋታው ይብቃ፣ ወደ ቤት ግቡ ነው ነገሩ። ሱቆችም ሊዘጉ ሲሉ ይከፍቱታል። ጃፓን ያደገ ሰው በዚህ ዜማ የሚሰማው የምሽት ጎዳና ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ወደ ለቅሶ ሄዷል። የድቮርዣክ ተማሪ የነበረው ዊልያም አርምስ ፊሸር በ1922 ለዜማው ግጥም ጻፈለት፣ "ወደ ቤቴ ልሄድ ነው" የሚል። ዘፈኑ በጣም ከመሰራጨቱ የተነሳ ብዙ ሰው ድቮርዣክ ከድሮ የባሪያዎች መዝሙር የቀዳው ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው፣ ዜማው ቀድሞ ግጥሙ የመጣው ከ29 ዓመት በኋላ ነው። ሚያዝያ 1945 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጆርጂያ ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ ሲሞት፣ ግርሃም ጃክሰን የሚባል ጥቁር የባሕር ኃይል ሙዚቀኛ አስከሬኑ ሲሸኝ ይህንኑ ዜማ በአኮርዲዮን ተጫወተ። እንባው በጉንጩ ሲወርድ ኤድ ክላርክ ያነሳው ፎቶ አሜሪካን ሁሉ አዳርሷል። ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት፣ ዜማውን ከሰማችሁ በኋላ ግን።

አንድ ዜማ ነው እንግዲህ። ዳቦ፣ ወደ ቤት መግቢያ ሰዓት፣ የፕሬዚዳንት ቀብር። የእናንተም ከእነዚህ ከአንዱም አያንስም።

አሁን ታሪኩን

ድቮርዣክ በ1841 ከፕራግ ወጣ ባለች ኔላሆዜቬስ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ሥጋ ሻጭና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነበር። በ1892 ጃኔት ተርበር የምትባል ሀብታም አሜሪካዊት ኒውዮርክ ላቋቋመችው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር እንዲሆን በዓመት 15,000 ዶላር ቀጠረችው፣ በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። ሚስቱንና ከስድስቱ ልጆቹ ሁለቱን ይዞ ሄደ። አራቱ አገር ቤት ቀሩ።

ኒውዮርክ ሃሪ በርሊ የሚባል ጥቁር ተማሪ ነበረው፣ አያቱ ባሪያ የነበሩ፣ የባሪያዎቹን መዝሙሮች ከአያቱ የተማረ። በርሊ እቤቱ እየሄደ ይዘፍንለት ነበር። ድቮርዣክም በ1893 "የአሜሪካ ሙዚቃ መሠረቱ የጥቁሮች ዜማ መሆን አለበት" የሚል ሐሳብ በጋዜጣ ሰጥቶ ብዙዎችን አስቆጣ። ስለ ላርጎ ሲጠየቅ ግን ያነሳው ሌላ ነገር ነው፤ አሜሪካዊው ገጣሚ ሎንግፌሎ ስለ ሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የጻፈውን የሀያዋታን ግጥም። ስለዚህ "ስለ ባርነት ነው" ያለውም፣ "አይደለም" ያለውም በከፊል ልክ ነው። ይሄን ክርክር ብዙ ባትገፉበት ይሻላል፣ መጨረሻ የለውም።

እኔ የምመለስባት ግን አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ሲምፎኒውን በግንቦት 24 ቀን 1893 ጠዋት ሲጨርስ ኖታው መጨረሻ ላይ እንደልማዱ ፈጣሪን አመስግኖ ጻፈ። እዚያው ላይ ሌላም ማስታወሻ አለች፦ ልጆቹ ሳውዝሃምፕተን ደርሰዋል፣ ቴሌግራም መጣ። አገር ቤት የቀሩት አራቱ ናቸው፣ ወደሱ ለመምጣት እንግሊዝ ወደብ ላይ የደረሱት። ልጅን ለአያት ትቶ ዓረብ አገር ወይም ዋሽንግተን የሄደ ወላጅ ይህችን መስመር ማንም ሳያስረዳው ይረዳታል። እኔ የላርጎን ናፍቆት ከእነዚህ ልጆች ጋር ማያያዝ ይቀናኛል። ግን ያ የኔ ነው፣ ላርጎ ላይ እንዲህ የሚል ነገር አልጻፈም፤ ሰውየውም ኒውዮርክ ውስጥ ሲያለቅስ አልከረመም፣ ባቡርና መርከብ ሲያይ ደስታው ወሰን የሌለው ሰው ነበር።

ታኅሣሥ 16 ቀን 1893 ካርኔጊ አዳራሽ ውስጥ አንቶን ዛይድል የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክን እየመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ፣ ላርጎ እንዳለቀ ሕዝቡ ድቮርዣክ ወደተቀመጠበት ዞሮ አጨበጨበ። ተነስቶ እጅ መንሳት ነበረበት።

ሌላ ቅጂ፣ ሌላ ሆድ

አንዴ ከለመዳችሁት በኋላ ቅጂ ማወዳደር ጀምሩ። ቅድም የጠቀስኩት ኩቤሊክ ቼክ ነው። ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ በ1948 አገሩን ጥሎ ወጣና እነሱ እስኪወድቁ ድረስ አልተመለሰም። በ1990 ገባ። በ1991 ይህንኑ ሲምፎኒ ፕራግ ላይ ከቼክ ፊልሃርሞኒክ ጋር መራው፣ ቅጂውም አለ። ከበርሊኑ ጋር አስተያዩት። ከዚያ ሊዮናርድ በርንስታይን ከእስራኤል ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1986 የቀዳውን ስሙ፤ ላርጎውን ወደ 18 ደቂቃ ጎትቶታል። ለአንዳንዱ ሰው ከዚህ በላይ ውበት የለም። ለኔ ግን በዛ፣ ዜማው እግሩን መጎተት ይጀምራል። እናንተ ፍረዱ።

ለሌላ ሰው ስታሰሙ

ለእናታችሁ ወይም ለጓደኛ ስታሰሙ "ክላሲካል ነው" አትበሉ፣ ገና ሳይጀመር ፊታቸው ይለወጣል። የዳቦውንም የቀብሩንም ነገር አትንገሩ። ዝም ብላችሁ ኢርፎኑን ስጡ። ሲያልቅ ደግሞ "ወደድሽው?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ለይሉኝታ "አዎ ልጄ" ይሏችኋልና። "ማን ትዝ አለሽ?" በሉ። ከዚያ ወሬው ራሱ ይመጣል፣ ቡናም ካለ ሰዓታት ይሄዳል።

በአካል ኮንሰርት የመግባት ዕድል ካገኛችሁ ኮር አንግሌ ተጫዋቹን ቀድማችሁ ፈልጉት፣ ብዙ ጊዜ ከኦቦዎቹ አጠገብ ነው። በአሁኑ ልማድ በክፍሎች መሃል አይጨበጨብም፣ የ1893ቶቹን አትከተሉ።

ላርጎን ከጠገባችሁ የሲምፎኒውን ቀሪ ክፍሎች ስሙ። ከዚያ በዚያው ዓመት ክረምት አዮዋ ውስጥ ስፒልቪል በምትባል የቼኮች መንደር የጻፈው "አሜሪካን" የሚባል የአራት ባለ ክሮች ሙዚቃ አለ፣ እሱ ደስ ይላል፣ ፀሐይ የሞላበት ነው። ቀጥሎ የቼሎ ኮንቼርቶው፣ አንድ ቼሎ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አንድ የራሱን የድሮ ዘፈን አስገብቷል፣ መጨረሻውንም አገሩ ከተመለሰ በኋላ ቀይሮታል። ለምን እንደሆነ ግን አልነግራችሁም። ሰምታችሁ ስትጨርሱ ራሳችሁ ፈልጉት።